ሳይኮሎጂን ከፕሌስመንት ዓመት ጋር በብሪታንያ መማር፦ ከምዝገባ እስከ መመለስ፣ ደረጃ በደረጃ

«ፕሌስመንት ያለው ሳይኮሎጂ ልመዝገብ ወይስ የሦስት ዓመቱ ይበቃኛል?» የሚል ጥያቄ በየዓመቱ ይደርሰናል፤ ፕሌስመንት የሚባለው በትምህርቱ መሃል በሥራ ቦታ የሚያልፈው ዓመት ነው። ተከትሎ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ «ቦታውን የሚፈልግልኝ ዩኒቨርሲቲው ነው አይደል?» ነው። ሁለተኛውን አስቀድመን እንመልስ፣ የመጀመሪያው መልስ እሱ ላይ ያርፋልና። አብዛኛውን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው የቀጣሪዎች ዝርዝር ያቀርባል፣ ሲቪ ያርማል፣ የተገኘውን ቦታ መርምሮ ያጸድቃል። አመልክቶ፣ ቃለ መጠይቅ ቀርቦና ተወዳድሮ ቦታውን የሚይዘው ግን ተማሪው ራሱ ነው። ይህን ሳያውቅ የገባ ሰው ሁለተኛው ዓመት ሲጋመስ ይደነግጣል። በሁለተኛው ዓመት ከትምህርቱ ጎን ሥራ ፍለጋን የምትችሉ ከሆነ የአራት ዓመቱን ያዙ፤ ካልሆነ የሦስት ዓመቱ ምንም አያጎድልባችሁም።

አካሄዱ እንዲህ ነው፦ ሁለት ዓመት ክፍል፣ ሦስተኛው ዓመት ሥራ ቦታ፣ አራተኛው ዓመት ተመልሶ መጨረስ። ካርዲፍ፣ ባዝ፣ ሰሪ፣ ላፍቦሮና አስተን ዩኒቨርሲቲዎች ይህን መንገድ ከሚሰጡት ውስጥ ናቸው። እዚህ የተጻፈው የክፍያና የብድር ሕግ የእንግሊዝ ነው፤ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው የተማሪ ብድር ሥርዓት አላቸው። ወራቱና ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ቦታ ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት እነዚህ በአንድ ፎልደር ውስጥ ይቀመጡ፦

- ከሁለት ገጽ የማይበልጥ ሲቪ
- የአንደኛ ዓመት ውጤት ከዩኒቨርሲቲው፣ ማኅተም ወይም ፊርማ ያለው
- ሪፈረንስ የሚሰጡ ሁለት ሰዎች፦ አንዱ አስተማሪ፣ አንዱ ከሥራ ወይም ከበጎ ፈቃድ ቦታ። ሁለቱም አስቀድመው ፈቅደው መሆን አለበት
- ፓስፖርት፣ ቪዛ ላላችሁ ደግሞ የኢቪዛ አካውንት መግቢያ
- ያለፉት አምስት ዓመታት የመኖሪያ አድራሻዎች፣ ከገባችሁበትና ከወጣችሁበት ወር ጋር
- የክትባት ማስረጃ
- ለሥራና ለግብር የሚያስፈልገው የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥርና የባንክ አካውንት
- ያመለከታችሁባቸውን ቦታዎች የምትመዘግቡበት ሠንጠረዥ፦ ቦታ፣ የመዝጊያ ቀን፣ የተላከበት ቀን፣ መልስ
- የአንድ ወር ወጪና የቤት ማስያዣ የሚሆን ገንዘብ። የመጀመሪያው ደመወዝ ሥራ በጀመራችሁ ወር መጨረሻ ወይም ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው፣ ማስያዣው ደግሞ በእንግሊዝ ለአብዛኛው የኪራይ ቤት እስከ አምስት ሳምንት ኪራይ ሊደርስ ይችላል

የአድራሻ ዝርዝሩ ቀላል ይመስላል። ይሁንና ከወንጀል መዝገብ ምርመራ ቅጾች ውስጥ ብዙውን ጊዜ ተመላሽ የሚሆነው በእሱ ምክንያት ነው፤ በሁለት አድራሻዎች መካከል የአንድ ወር ክፍተት ካለ ቅጹ ይመለሳል።

1. ኮርሱን ከስሙ አልፋችሁ መርምሩ

ሦስት ነገር ፈትሹ። የመጀመሪያው የብሪቲሽ ሳይኮሎጂካል ሶሳይቲ፣ በአጭሩ የቢፒኤስ፣ እውቅና ነው። በማኅበሩ ድረ ገጽ ላይ የኮርሶች መፈለጊያ አለ፤ የአራት ዓመቱን ኮርስ በትክክለኛ ስሙ ፈልጉት፣ የሦስት ዓመቱ እውቅና አለው ማለት ብቻ አይበቃም። እውቅና ያለውን ኮርስ ቢያንስ በ2፡2 ውጤት (በሁለተኛው ደረጃ ዝቅተኛው እርከን) የጨረሰና የራሱን የምርምር ፕሮጀክት ያለፈ ሰው ጂቢሲ የሚባለውን መነሻ ብቃት ያገኛል። ክሊኒካል፣ ኤዱኬሽናል ወይም ፎረንሲክ ሳይኮሎጂስት ለመሆን የሚያሠለጥኑ ኮርሶች የሚጠይቁት ይህንን ነው። ያለ እሱ የተመረቀ ሰው ሌላ የኮንቨርዥን ኮርስ ከፍሎ ይማራል።

ሁለተኛው፣ ፕሌስመንቱ በኮርሱ ውስጥ የሚመዘን መሆኑ ነው። በቪዛ ለምትማሩ ይህ ወሳኝ ነው፤ በተማሪ ቪዛ በትምህርት ወቅት ሙሉ ሰዓት መሥራት የሚቻለው ሥራው የኮርሱ የሚመዘን አካል ሲሆን ብቻ ነው።

ሦስተኛው፣ ወደ ፕሌስመንት ዓመት ለማለፍ የሚጠየቀው ነጥብ። አንዳንድ ዲፓርትመንቶች ከተራው ማለፊያ ከፍ ያለ ነጥብ ይጠይቃሉ፤ ቦታ ይዛችሁ ነጥቡን ካጣችሁ ቦታው ይቀራል። ይህ ብዙ ጊዜ በማስታወቂያ ገጹ ላይ አይጻፍም፣ በፕሮግራሙ ደንብ ውስጥ ነው ያለው። ኢሜይል ጽፋችሁ ጠይቁ፤ በዚያው «ባለፈው ዓመት ከተመዘገቡት ውስጥ ስንቱ ቦታ አገኘ? ስንቱ ደመወዝ ተከፈለው?» በሉ። መልሱን ሸፋፍኖ የሚያልፍ ዲፓርትመንት ራሱ መልስ ሰጥቷችኋል።

2. በዩካስ ስታመለክቱ ትክክለኛውን ኮድ ምረጡ

በዩካስ፣ ማለትም በብሪታንያ የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ በሚቀርብበት ሥርዓት፣ እስከ አምስት ኮርስ መምረጥ ይቻላል። ሳይኮሎጂ ብዙውን ጊዜ ሲ800 በሚል ኮድ ይታወቃል፤ ፕሌስመንት ያለው ግን በአብዛኛው የራሱ ኮድ አለው። ከለመዱት ኮድ ጋር ሄዶ የሦስት ዓመቱን መምረጥ በየጊዜው የሚታይ ስህተት ነው።

ከ2026 መግቢያ ጀምሮ የግል መግለጫው በሦስት ጥያቄ የተከፈለ ሲሆን በድምሩ 4,000 ፊደልና ክፍት ቦታ ይፈቅዳል፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ቢያንስ 350 ያስፈልጋል። «ሰው መርዳት እወዳለሁ» ብሎ መጀመር ቦታ ማባከን ነው፣ ሁሉም ይጽፈዋልና። በምትኩ የተማራችሁትን ስታትስቲክስ፣ የሠራችሁትን ትንሽ ጥናት፣ ያነበባችሁት ውጤት ላይ ያነሣችሁትን ጥርጣሬ ጻፉ። ሳይኮሎጂ በብሪታንያ እንደ ሳይንስ ነው የሚሰጠው። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ጥሩ የሒሳብ ውጤት ይጠይቃሉ፣ የኤ ሌቨል (ከዩኒቨርሲቲ በፊት የሚወሰደው ፈተና) ሳይኮሎጂን ግን ግዴታ አያደርጉም።

ለ2026 መግቢያ ዋናው መዝጊያ ጃንዋሪ 14 በ18:00 በለንደን ሰዓት ነበር፤ ይህ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ቀኑ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ የራሳችሁን ዓመት ዩካስ ላይ እዩ።

በቪዛ የምትመጡ ከሆነ ከመነሻው የአራት ዓመቱን ያዙ። ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ የሚሰጠው ካስ የሚባለው ማረጋገጫ አራቱንም ዓመት ይሸፍናል፤ ኋላ ወደ ሦስት ዓመት መውረድ ይቻላል። ከሦስት ወደ አራት መውጣት ግን አዲስ የቪዛ ማመልከቻ፣ አዲስ ክፍያና ለተጨማሪው ጊዜ የጤና አገልግሎት ክፍያ ያስከትላል። ይህ የጤና ክፍያ ለተማሪ በዓመት 776 ፓውንድ ነው።

3. አንደኛውን ዓመት ለሲቪው ተጠቀሙበት

የአንደኛ ዓመት ነጥብ በብዙ ቦታ ለመጨረሻው ዲግሪ ውጤት አይቆጠርም። ስለዚህ ተማሪው ይዘናጋል። ቀጣሪው ግን በሁለተኛው ዓመት ኖቬምበር ላይ ስታመለክቱ የሚያየው ሌላ ነጥብ የለም፤ ያለው የአንደኛ ዓመቱ ብቻ ነው።

ከትምህርቱ ጎን ሁለት ነገር ጀምሩ። አንደኛው በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት የሚወስድ በጎ ፈቃድ ነው፦ የአረጋውያን ቤት፣ የልጆች ክበብ፣ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚገኘው ናይትላይን የሚባለው የተማሪዎች የምሽት ስልክ አገልግሎት። ስድስት ወር ሳይቋረጥ የተሠራ ሁለት ሰዓት፣ በአንድ ሳምንት ከተሠራ አርባ ሰዓት ይበልጣል፤ ቀጣሪው የሚፈልገው መቅረት የማያበዛ ሰው ነው። አማርኛ፣ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ መናገራችሁንም በሲቪው ላይ በደረጃ ጻፉት። ስደተኞችን በሚረዱ ድርጅቶች ዘንድ ተፈላጊ ችሎታ ነው።

ሌላው ስታትስቲክስ ነው። ክፍሉ በኤስፒኤስኤስ ቢያስተምርም አር የሚባለውን ፕሮግራም በጎን ልመዱ፤ ነፃ ነው፣ የምርምር ላቦች ይጠይቁታል።

4. ሁለተኛውን ዓመት ከመጨረሻው ወደ ኋላ ቁጠሩት

ሥራው ብዙውን ጊዜ ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ ይጀመራል። ብዙ ፕሮግራሞች ቢያንስ 30 ሳምንት ገደማ ሥራ ይጠይቃሉ። ከዚያ ወደ ኋላ ሲቆጠር፦

- ሴፕቴምበርና ኦክቶበር፦ ሲቪ ይጻፋል፣ የፕሌስመንት ቢሮው ስብሰባ ላይ መገኘት፣ የቀጣሪዎችን ዝርዝር ማውረድ
- ከኖቬምበር እስከ ፌብሯሪ፦ ዋናው የማመልከቻ ወቅት። ትልልቅ ኩባንያዎች ቀድመው ይዘጋሉ
- ከጃንዋሪ እስከ ማርች፦ ቃለ መጠይቅ
- ከማርች እስከ ሜይ፦ ለዘገዩ ቦታዎች ማመልከት፣ የተገኘውን ማስጸደቅ
- ሜይና ጁን፦ የወንጀል መዝገብ ምርመራ፣ የጤና ምርመራ፣ ውል

ለዝርዝሩ ብቻ አትገዙ። ዝርዝሩን መቶ ተማሪ እያየው ነው። በየላቡ ድረ ገጽ ገብታችሁ የምርምር ርዕሱ የሚስማማችሁን ተመራማሪ በቀጥታ በኢሜይል ጠይቁ፤ መልእክቱ ከስምንት መስመር አይርዘም፣ የትኛውን ጥናቱን እንዳነበባችሁና ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደምትችሉ ይናገር። «ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ» የሚል ኢሜይል አይመለስለትም፤ ተቀባዩ ራሱ ሥራ ፈጥሮ እንዲያቀርብ ያስገድደዋልና።

5. የሥራ ቦታውን ዓይነት እወቁት

*ኤንኤችኤስ።* ማለትም የመንግሥቱ ጤና አገልግሎት። የአእምሮ ጤና ቡድን፣ የመርሳት ችግር ክሊኒክ፣ የአንጎል ጉዳት ማገገሚያ። ተማሪው መጠይቅ ያስሞላል፣ ነጥብ ይደምራል፣ የቡድን ሕክምና ያግዛል፣ የአገልግሎት ግምገማ ይሠራል። ፉክክሩ የበዛበት ቦታ ይህ ሲሆን ብዙዎቹ ቦታዎች ደመወዝ የላቸውም፤ «ኦነረሪ ኮንትራክት» በሚባል ውል ነው የሚሠራው።

*የምርምር ላብ።* ተሳታፊ መመልመል፣ የኢኢጂ፣ ማለትም የአንጎልን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚለካ፣ ቆብ ማድረግና ማጠብ፣ ቪዲዮ መኮድ፣ ዳታ ማጽዳት። አሰልቺ የሚመስለው የዳታ ሥራ ነው በኋላ ለመመረቂያ ጥናቱ የሚጠቅመው። ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ ለሚያስብ ሰው ከክሊኒክ ይልቅ ይህ ይሻላል።

*ልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤት።* ኦቲዝም ካላቸው ልጆች ጋር መሥራት አካልን ያደክማል፤ መነከስና መቧጨር ሊያጋጥም ይችላል። ሥልጠናው ከመጀመሪያው ቀን በፊት መሰጠቱን ጠይቁ።

*ማረሚያ ቤት።* የደኅንነት ማጣሪያው ረጅም ነው፣ ቀድማችሁ አመልክቱ። ሞባይል ይዞ ወደ ውስጥ መግባት ወንጀል ነው፤ ኪስ ውስጥ ተረስቶ መገኘቱ ሥራውን ሊያሳጣ ይችላል።

*ኩባንያ።* የሠራተኛ ምልመላ፣ የብቃት ፈተናዎች ዝግጅት፣ የተጠቃሚዎች ጥናት። በአብዛኛው ይከፍላል። ክሊኒካል ብቻ የሚያዩ ተማሪዎች ስለሚያልፉት ዕድሉ ይሰፋል።

6. ሲቪና ደብዳቤ

በሲቪው ላይ እያንዳንዱ መስመር ቁጥር ወይም ውጤት ይኑረው። «በቡድን ጥሩ እሠራለሁ» ማለት ምንም አያሳይም። «በአራት ሰዎች ቡድን ውስጥ የ60 ተሳታፊዎችን መጠይቅ ሰብስቤ፣ በአር ቲ-ቴስት ሠርቼ ውጤቱን አቅርቤያለሁ» የሚለው ያሳያል፣ እውነት ከሆነ።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ነው። በሥራ ማስታወቂያው ላይ «የግድ» ተብለው የተጻፉትን መስፈርቶች ቁጠሩ፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረጃ ስጡ፣ ቅደም ተከተሉም የማስታወቂያው ይሁን። ኤንኤችኤስ ማመልከቻን የሚያጣራው መስፈርቱን በነጥብ እየመዘገበ ነው፤ ያልተጠቀሰ መስፈርት ዜሮ ያገኛል፣ ችሎታው ቢኖራችሁም።

በራሳችሁ ወይም በቤተሰብ የደረሰ የአእምሮ ሕመም ካለ፣ ለምን ይህን ሙያ እንደመረጣችሁ በአንድ መስመር መግለጽ አያስነውርም። ደብዳቤው በሙሉ ስለ እሱ ከሆነ ግን ስለ ሥራ ችሎታችሁ የሚነገር ቦታ ያልቃል።

7. ቃለ መጠይቅ

ለተሞክሮ ጥያቄ ሁሉ አራት ነገር በተራ ተናገሩ፦ ሁኔታው ምን ነበር፣ የእናንተ ድርሻ ምን ነበር፣ ምን አደረጋችሁ፣ ምን ውጤት መጣ። እኛ ቤት ያደገ ሰው «እኔ» ማለት እንደ ጉራ ይመስለውና «አደረግን፣ ሠራን» ይላል። ጠያቂው ግን የእናንተን ድርሻ ለይቶ ነጥብ መስጠት ስላለበት «እኔ ይህን ክፍል ሠራሁ» በሉ።

በክሊኒክ ቦታዎች በየጊዜው የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ታካሚ ምስጢር ነግሮህ ለማንም እንዳትናገር ቢልህ ምን ታደርጋለህ?» ጠያቂዎቹ የሚጠብቁት፦ ከመጀመሪያው ሙሉ ምስጢር እንደማይገባ ለታካሚው ይነገራል፤ ለራሱ ወይም ለሌላ ሰው አደጋ ካለ በዚያው ቀን ለሱፐርቫይዘር ይነገራል፤ የተባለው በታካሚው ቃል ይመዘገባል። «አረጋግቼ እመክረዋለሁ» የሚል መልስ ይጥላል፣ ከሥልጣን በላይ መሥራትን ያሳያልና።

8. ከመፈረማችሁ በፊት ገንዘቡን ደምሩ

በ2025/26 በእንግሊዝ ለአገር ውስጥ ተማሪ ከፍተኛው የትምህርት ክፍያ 9,535 ፓውንድ ሲሆን ለፕሌስመንት ዓመት ከፍተኛው 1,905 ፓውንድ ነው፤ የሙሉው 20 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። የውጭ አገር ተማሪ የሚከፍለውን እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ይወስናል። የስደተኝነት መብት የተሰጠው ሰው በእንግሊዝ ብድሩን ለማግኘት የሦስት ዓመት ነዋሪነት አይጠየቅም።

የኮርሱ አካል የሆነና ከአንድ ዓመት የማይበልጥ ፕሌስመንት ከዝቅተኛው የደመወዝ ሕግ ውጭ ነው። ስለዚህ ያለ ክፍያ ማሠራት ሕገወጥ አይደለም። ደመወዝ ካለ የመኖሪያ ብድሩ ይቀንሳል። ያለ ደመወዝ በሆስፒታል ወይም በአካባቢ አስተዳደር የምትሠሩ ከሆነ ግን ሙሉውን ብድር የማግኘት መብት ሊኖር ስለሚችል፣ ቦታው እንደጸደቀ የተማሪ ብድር ለሚሰጠው ስቱደንት ፋይናንስ አሳውቁ።

ስሌቱን በወረቀት ሥሩት። የቀን መጓጓዣ 9 ፓውንድ ቢሆን፣ በሳምንት 4 ቀን ለ40 ሳምንት 1,440 ፓውንድ ይሆናል። ብዙ ሰው ኪራይን ያስባል፣ ይህን ግን ይረሳል። ያለ ክፍያ የሚያሠራ ቦታ ካጋጠማችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መጓጓዣ ይተካል? በሳምንት አራት ቀን ብቻ መሥራት ይቻላል? ዩኒቨርሲቲው የድጎማ ፈንድ አለው?

ደመወዝ ካለ አሠሪው የሚሰጠውን የጀማሪ ሠራተኛ ቅጽ ተጠንቅቃችሁ ሙሉ። ገና ተማሪ ስለሆናችሁ የተማሪ ብድር መክፈል አልጀመራችሁም፤ ሳጥኑን በስህተት ምልክት ማድረግ ከደመወዝ ያስቆርጣል። በዓመት እስከ 12,570 ፓውንድ የገቢ ግብር የለውም። የግብር ዓመቱ ኤፕሪል 6 ስለሚጀምር የአንድ ዓመት ደመወዛችሁ በሁለት የግብር ዓመት ላይ ይከፋፈላል፣ ግብሩም የዚያኑ ያህል ይቀላል።

9. ወረቀቱን በአንድ ጊዜ አስጀምሩ

ከታካሚዎችና ከልጆች ጋር የሚያገናኝ ሥራ ዲቢኤስ የሚባለውን የወንጀል መዝገብ ምርመራ ይጠይቃል። ምርመራው በብሪታንያ ያለውን መዝገብ ብቻ ስለሚያይ፣ ከቅርብ ዓመታት ውስጥ ሌላ አገር የኖረ ሰው ከዚያ አገር ፖሊስ ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ሊጠየቅ ይችላል። ይህ ማስረጃ ከሩቅ ሆኖ ሲጠየቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ቦታው እንደተረጋገጠ በማግሥቱ ጀምሩ።

ኤንኤችኤስ የኩፍኝ፣ የጉድፍ፣ የሄፓታይተስ ቢና የቲቢ ክትባት ወይም ምርመራ ማስረጃ ይጠይቃል። የልጅነት የክትባት ካርድ የሌለው ሰው የደም ምርመራ ይደረግለታል። ካርዱ ቤተሰብ ጋር ካለ ፎቶ አስነሡት።

የሥራ ፈቃድን ለማሳየት ከኢቪዛ አካውንት የሚወጣው ሼር ኮድ ለ90 ቀን ይሠራል። ለቀጣሪ የሚሰጠው ኮድ በደብልዩ፣ ለአከራይ የሚሰጠው በአር ፊደል ይጀምራል፤ ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው። ከኮዱ ጋር ሥራው የኮርሱ አካል መሆኑን የሚገልጽ የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ አያይዙ፤ ያለ እሱ የቀጣሪው የሰው ኃይል ክፍል በተማሪ ቪዛ በትምህርት ወቅት ያለውን በሳምንት የ20 ሰዓት የሥራ ገደብ አይቶ ሊያቆማችሁ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ የሦስትዮሽ ስምምነቱ፣ ማለትም የእናንተ፣ የቀጣሪውና የዩኒቨርሲቲው ውል፣ ሳይፈረም ሥራ አትጀምሩ። ከፊርማው በፊት የሠራችሁት ሳምንት ላይቆጠር ይችላል፣ ኢንሹራንሱም ላይሸፍናችሁ ይችላል።

10. ሥራ ቦታ ላይ

በመጀመሪያው ሳምንት ከሱፐርቫይዘሩ ጋር ሳምንታዊ ቋሚ ሰዓት ያዙ። «ሲያስፈልግ እንገናኝ» ከተባለ አይገናኙም። ሥራችሁን በየቀኑ በአምስት መስመር መዝግቡ፦ ምን ሠራችሁ፣ ምን ከበዳችሁ፣ ምን ጠየቃችሁ። የዓመቱ ሪፖርት የሚጻፈው ከዚህ ማስታወሻ ነው፤ በሜይ ወር የሴፕቴምበርን ነገር የሚያስታውስ የለም። የታካሚ ስም፣ የልደት ቀን ወይም አድራሻ በማስታወሻው አይግባ፤ ምንም የታካሚ መረጃ ወደ ግል ኢሜይል አይላክ።

በክሊኒክ ብዙ ጊዜ የምታስሞሉት ፒኤችኪው-9 የሚባለው የድብርት መጠይቅ ነው። ዘጠኝ ጥያቄ አለው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ እስከ 27። ድምር ብቻ አይታችሁ አትለፉ። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብና ራስን ስለ መጉዳት ነው፤ በእሱ ላይ ከዜሮ በላይ ያለ ማንኛውም መልስ ታካሚው ከመሄዱ በፊት ለሱፐርቫይዘር ይነገራል፣ ጠቅላላ ድምሩ ዝቅተኛ ቢሆንም።

በዳታ ሥራ በየዓመቱ የሚደገሙ ሦስት ስህተቶች አሉ። የመጀመሪያው የጎደለ መልስ 999 ተብሎ ተመዝግቦ ሳይገለጽ ሲቀር ነው፤ ፕሮግራሙ 999ን እንደ ዕድሜ ቆጥሮ አማካዩን ያበላሻል። ሁለተኛው የተገላቢጦሽ ጥያቄዎችን አለመገልበጥ ነው፤ ከ1 እስከ 5 ባለው መለኪያ አዲሱ ነጥብ 6 ሲቀነስ አሮጌው ነው፣ ካልተደረገ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ይሻራሉ። ሦስተኛው በዋናው ፋይል ላይ መሥራት ነው። ጥሬው ዳታ እንዳለ ይቀመጥ፣ ሥራው በቅጂው ላይ ይሁን፣ እያንዳንዱም ለውጥ በኮድ ይጻፍ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ነኝ» አትበሉ፣ በቀልድም በፕሮፋይልም። ይህ ስም ኤችሲፒሲ በሚባለው ተቆጣጣሪ አካል ከተጠበቁት የማዕረግ ስሞች አንዱ ነው፤ ሳይመዘገቡ መጠቀም ያስጠይቃል። በውላችሁ ላይ የተጻፈውን የሥራ ስም ብቻ ተጠቀሙ። ለክሊኒካል ዶክትሬት ስታመለክቱም አንዳንድ ኮርሶች ከምርቃት በኋላ የተሠራ ልምድ እንደሚጠይቁ እወቁ፤ የፕሌስመንቱ ዓመት ለእነሱ ብቻውን አይበቃም።

11. የመመለሻውን ሥራ ከውጭ ሆናችሁ ሥሩ

ሁለት ነገር ከፕሌስመንት ቦታ ሆኖ ይረሳል። አንዱ የመመረቂያ ጥናት ሱፐርቫይዘር መምረጥ ነው፤ ቅጹ ብዙውን ጊዜ በፀደይ በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ይመጣል። ያንን ኢሜይል ያልከፈተ ተማሪ የተረፈው ርዕስ ይደርሰዋል። ሌላው ቤት ነው። የብድር ማመልከቻም በየዓመቱ እንደ አዲስ ይሞላል፣ የፕሌስመንቱ ዓመትም ሆነ የመጨረሻው።

ከመውጣታችሁ በፊት ሱፐርቫይዘሩን የጽሑፍ ሪፈረንስ ጠይቁ፤ የሠራችሁትን ዋና ዋና ነገር በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡት። ሰው ሥራ ሲቀይር አድራሻው ይጠፋል።

በብዛት የሚደረጉ ስህተቶች

*ቦታ ሳይገኝ ቤት መከራየት።* ተማሪዎች የሚቀጥለውን ዓመት ቤት የሚፈርሙት ከኖቬምበር ጀምሮ ነው፤ የፕሌስመንት ቦታ የሚታወቀው ደግሞ በማርች ወይም በሜይ። ከጓደኞች ጋር በአንድ ውል የፈረመ ሰው ሌላ ከተማ ቢሄድም ኪራዩ ይጠየቃል፣ ሌሎቹ ባይከፍሉም ጭምር። ጓደኞች ቢገፋፉም ቆዩ፤ ዘግይቶ የሚገኝ ክፍል አለ።

*አንድ ዓይነት ቦታ ብቻ ማመልከት።* ስምንት የሆስፒታል ማመልከቻ ልኮ መጠበቅ አደገኛ ነው። ቢያንስ ሦስቱ ከሌላ ዘርፍ ይሁኑ።

*የቃል ቅናሽን ማመን።* «ቦታው ያንተ ነው» ከተባለ በኋላ በጽሑፍ እስኪመጣ ድረስ ሌሎቹን ማመልከቻዎች አትሰርዙ። በጽሑፍ ከተቀበላችሁ በኋላ ግን የተሻለ መጣ ብሎ መተው የዲፓርትመንቱን ግንኙነት ያበላሻል፤ በሚቀጥለው ዓመት ያ ቀጣሪ ተማሪ ላይወስድ ይችላል።

*ችግርን ደብቆ መቆየት።* ሥራው ፎቶ ኮፒ ማድረግ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ሱፐርቫይዘሩ ከጠፋ፣ በአራተኛው ሳምንት ለዩኒቨርሲቲው የፕሌስመንት አስተባባሪ ጻፉ። በአራተኛው ሳምንት ቦታ መቀየር ይቻላል፤ በሃያኛው ሳምንት የሚጠየቀውን ሰዓት ለመሙላት ጊዜ አይበቃም።

*እስከ ሜይ መጨረሻ ምንም ሳይገኝ ዝም ማለት።* አስተባባሪውን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለ የምርምር ላብ ተማሪ ይቀበል እንደሆነና፣ ወደ ሦስት ዓመቱ ኮርስ ለመውረድ የመጨረሻው ቀን መቼ እንደሆነ። ወደ ሦስት ዓመት ከወረዳችሁ ለስቱደንት ፋይናንስ ማሳወቅ አለባችሁ። በቪዛ ያላችሁ ደግሞ ቅጹን ከመፈረማችሁ በፊት የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮን አነጋግሩ፤ የኮርሱ ማጠር ለመንግሥት ይነገራል፣ የቪዛው ማብቂያ ቀንም አብሮ ሊያጥር ይችላል።